ያለ ላፕቶፕ ጎንደር፦ የጥምቀት ፎቶዎች የት ያድራሉ?

ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ካሜራ መያዙ ማንንም አያስደንቅም። ወዳጆቼን የሚያሳስባቸው እኔ ላፕቶፕ አለመያዜ ነው። «ታዲያ ፎቶውን የት ልትገለብጠው ነው?» ይሉኛል፤ መልሴ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አልተለወጠም፤ ላፕቶፑን አዲስ አበባ ቤቴ ትቼው ነው የምሄደው። ክብደቱና የቻርጀሩ ጣጣ አንድ ምክንያት ነው፤ ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ላፕቶፕ ይዘው የሚጓዙ ሰዎች ማታ ማታ የሚያደርጉትን ተመልክቻለሁ። ካርዱን ወደ ላፕቶፑ ይገለብጣሉ፣ ወዲያው ካርዱን ፎርማት ያደርጋሉ (ባዶ ያደርጉታል)፣ በማግስቱም በዚያው ካርድ ማንሳት ይቀጥላሉ። በዚህ አሠራር ፎቶው ቦታ ቀየረ እንጂ አልተባዛም፤ ጠዋት አንድ ቅጂ ነበረ፣ ማታም አንድ ቅጂ ነው። ልዩነቱ፣ ጠዋት ፎቶው የነበረው ሁለት ግራም ያህል በምትመዝንና ማንም ልብ በማይላት ካርድ ላይ ሲሆን፣ ማታ ግን ሌባ ከሩቅ በሚለየው ዕቃ ውስጥ መግባቱ ነው።

ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፈር ያስፋፋውና ዛሬ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ አንድ ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ ከእነርሱም አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን ይላል። ደንቡ የተነገረው ቢሮና ስቱዲዮ ላለው ሰው ነው። መንገደኛ ደግሞ ቤቱ ቦርሳው ስለሆነ «ከቤት ውጭ» ማለት ለእርሱ «ከቦርሳዬ ውጭ» ማለት ይሆንበታል። እኔ በጉዞ ላይ የምከተለው ይህን የመጨረሻውን ክፍል ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አንዳንድ ጊዜ አጓድላለሁ፣ ይህንን ግን አላጓድልም። ሁለት ቅጂ በአንድ ቦርሳ ከሚያድር አንድ በኪስ፣ አንድ በሰው ቤት ቢያድር እመርጣለሁ።

ጎንደር ላይ ጥምቀት የሦስት ቀን ሥራ ነው። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ዐፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። ሌሊቱን ካህናቱ በማኅሌት፣ ምእመናኑ በሻማ ብርሃን ያድራሉ። ጥር 11 ማለዳ ውሃው ሲባረክ ወጣቱ ሥራቸው ግንቡን አቅፎ ከያዘው ከእነዚያ ትላልቅ ዛፎች ሥር እየዘለለ ይገባል። ጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ፣ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ይመለሳል። በእነዚህ ቀናት የሚነሳው ፎቶ ብዛት በአዘቦት ጉዞ ከሚነሳው ጋር አይወዳደርም። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል፤ ካሜራ የያዘው ሰው ብዛትም በውሃው ዳር ቦታ ለማግኘት ሌሊት መነሳትን የሚጠይቅ ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያወጣው አንድ የሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ያየውን ሳያስተካክል የሚያስቀምጥበት ጥሬ ምስል፣ እንደ ካሜራው ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ ሁለት ሺህ ያህል ፎቶ ይዞ ይሞላል። ወጣቶቹ ወደ ውሃው በሚዘሉባት ቅጽበት ጣቱን ከመዝጊያው ላይ የማያነሳ ሰው ካርዱ ሲሟጠጥ ማየቱ አይቀርም። ሌላም ብዙዎች የማይጠብቁት ነገር አለ፤ ብልጭታ በማይፈቀድበት በደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ፣ የጣሪያውን መላእክት በከፍተኛ አይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት ከፍ አድርገው፣ ሲያነሱ የሚወጣው ፋይል በፀሐይ ከተነሳው ይበልጣል። በጨለማ የሚፈጠረው ነጠብጣብ ለመጨመቅ አይመችም፤ ካሜራው ነጠብጣቡንም እንደ ዝርዝር ቆጥሮ ይይዘዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መጠባበቂያዬ ተጨማሪ ካርድ ነው። ይህን ስል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፤ ከዚህ የተራቀቀ ነገር ይጠብቅ ነበርና። ነገር ግን በጉዞ ላይ የሞላ ካርድን አለማጥፋት ከሁሉም መላዎች ይበልጥ ርካሽና አስተማማኝ ነው። አንዱን ትልቅ ካርድ ትቼ መካከለኛ የሆኑ ጥቂት ካርዶች እይዛለሁ። ከተራውን በአንዱ፣ ጥምቀቱን በሌላው አነሳለሁ፤ የሞላውንም በጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ገፍቼ እዘጋዋለሁ። ይህች መቆለፊያ ግን የምትታመነው በልክ ነው። ካርዱን ራሱን የምትዘጋ ኤሌክትሮኒክስ የላትም፤ ተራ የፕላስቲክ ቁራጭ ናት፤ ቦታዋን አይቶ «አትጻፍበት» የሚለውን ትእዛዝ የሚያከብረው ማንበቢያው ነው። የማያከብር ማንበቢያ ከገጠመ መቆለፊያዋ ምንም አታደርግም።

ካርድ ስንገዛ ደግሞ ገበያው ላይ ያለውን ማስመሰል መርሳት የለብንም። ላዩ ላይ 128 ጊጋባይት ተጽፎበት እውነተኛ ይዞታው ከዚያ እጅግ ያነሰ ካርድ አለ። የሚያሳዝነው እንዲህ ያለው ካርድ «ሞልቻለሁ» ብሎ አለማስጠንቀቁ ነው፤ መቀበሉን ይቀጥላል፣ ነገር ግን አዲሱ ፋይል ወይ በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይ ባዶ ይሆናል። ኮምፒውተር ለሌለው ሰው መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከጉዞው በፊት ካርዱን በቪዲዮ እስኪሞላ መቅዳት፣ ከዚያም የመጀመሪያውን፣ የመካከለኛውንና የመጨረሻውን ከፍቶ ማየት። አንድ ከሰዓት በኋላ ይወስዳል፤ በጥምቀት ማግስት ከመደንገጥ ግን ይሻላል።

ሁለተኛው ሥራ መገልበጡ ነው፤ ለዚህም ስልክ ይበቃል። ስልክ ከፍላሽና ከካርድ ማንበቢያ ጋር በቀጥታ እንዲሠራ የሚያደርገው ኦቲጂ የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዛሬ አብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች ይህን ይችላሉ። አይፎን እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው አይኦኤስ 13 ጀምሮ በፋይልስ መተግበሪያው ውጫዊ ማስቀመጫ ይቀበላል፤ በ2023 ከወጣው አይፎን 15 ወዲህ ደግሞ ቀዳዳው ታይፕ ሲ ስለሆነ ማንበቢያና ፍላሽ መዋዋስ ቀልሏል። የእኔ ዕቃ ሦስት ነው፤ በአንድ ቀዳዳ ብዙ ዕቃ የሚያሰካ ትንሽ ሃብ፣ የካርድ ማንበቢያና አንድ ትልቅ ይዞታ ያለው ፍላሽ። አንዳንድ ስልክ ካርዱንና ፍላሹን በአንድ ጊዜ አያይም፤ እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ከካርዱ ወደ ስልኩ፣ ቀጥሎ ከስልኩ ወደ ፍላሹ መገልበጥ ግድ ነው። ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ በዚያው ግን ስልኩ ላይ ሦስተኛ ቅጂ ይቀራል።

የማርፈው ቀሐ አካባቢ አክስቴ ቤት ነው። ከተራ ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሥራውን የማካሂደው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የስልኩን ባትሪ አያለሁ፤ ከግማሽ በታች ከሆነ አልጀምርም። ካርዶችና ፍላሾች የሚጠቀሙባቸው ፋት32ና ኤክስፋት የተባሉት የፋይል አደረጃጀቶች፣ ጽሕፈት በመካከል ሲቋረጥ ራሳቸውን የሚጠግኑበት መዝገብ የላቸውም፤ ስልኩ መሀል ላይ ቢጠፋ የሚበላሸው አንድ ፎቶ ብቻ ሳይሆን የፍላሹ ማውጫ በሙሉ ሊሆን ይችላል። ሃብ ስገዛ ለዚህ ብዬ ኃይል የሚያስገባ ቀዳዳ ያለውን መረጥኩ፤ መብራት ቢጠፋም ፓወር ባንኩ በሃብ በኩል ስልኩን እየመገበ ሥራው ይቀጥላል። በበዓል ሰሞን ደግሞ መብራት መጥፋቱን አስቀድሞ መቁጠር ነው።

ካርዱን ስሰካ ስልኩ አንዳንድ ጊዜ «ይህ ካርድ አይነበብም፤ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ካርዱ ተበላሸ ብሎ የሚደነግጠውና እሺ ብሎ የሚጫነው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ ደኅና ነው፤ ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆኑ ካርዶች ከፋብሪካ የሚወጡት በኤክስፋት ተደራጅተው ሲሆን፣ የቆዩ ስልኮች ይህን አደረጃጀት አያውቁትም። መልሱ «አይሆንም» ብሎ መንቀልና ሌላ ስልክ መፈለግ ነው።

ከዚያ በዕለቱ ስም ፎልደር እከፍታለሁ። ካሜራ ፋይሎቹን እስከ 9999 ቆጥሮ እንደገና ከ0001 ይጀምራል፤ ሁለት ካሜራ የያዘ ሰው ወይም ካርድ በተቀየረ ቁጥር ቆጠራው እንዲታደስ ያዘዘ ሰው የከተራውና የጥምቀቱ ፎቶ አንድ ዓይነት ስም ይዘው ሊያገኛቸው ይችላል። ሁለቱን በአንድ ፎልደር ቢደፋቸውና ስልኩ «ይተካ?» ሲለው ሳያነብ ቢጫን፣ ከተራው ጠፋ ማለት ነው። እኔ ስሙን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ፤ ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ የጥምቀት ፎልደር በ05-11 ያበቃል። ካሜራው ውስጥ ያለው ቀን የፈረንጆቹ ነው፤ እርሱን አልነካውም። አንድ ወዳጄ የካሜራውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ሞልቶት፣ የንጋቱ ጸሎት በፋይሉ ላይ የእኩለ ሌሊት ሆኖ ተመዝግቦበታል፤ እርሱ ግን እስከ ዛሬ ትክክል ነኝ ብሎ ይከራከራል።

በስልኩ ምናሌ ላይ መገልበጥና ማዛወር ጎን ለጎን ናቸው። የምመርጠው ሁልጊዜ መገልበጥን ነው፤ ማዛወር ገልብጦ ከምንጩ ያጠፋል፣ መሀል ላይ ቢቋረጥ ደግሞ የትኛው የት እንደቀረ ለማወቅ ያዳግታል። ካርዱ በመቆለፊያዋ ከተዘጋ ማዛወሩ ራሱ እምቢ ይላል፤ ለመቆለፊያዋ ያለኝ አክብሮትም በዋናነት ከዚህ የመጣ ነው። 32 ጊጋባይት በዩኤስቢ 2 ማንበቢያ፣ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ያህል ቢሄድ፣ አሥራ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል፤ ርካሹ ማንበቢያ ደግሞ ከዚህ እጥፍ ሊወስድ ይችላል። አክስቴ ቡናውን እስከ ሁለተኛው ድረስ የሚያደርሱበት ጊዜ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚናቀው ክፍል ማረጋገጡ ነው። ብዙ ሰው ፎልደሩን ከፍቶ ትንንሾቹን ምስሎች ካየ «ደርሷል» ይላል። ሮው ለሚያነሳ ሰው ይህ ማረጋገጫ አይሆንም። በእያንዳንዱ የሮው ፋይል ውስጥ ካሜራው ለዕይታ ብሎ የሚያስቀምጠው አነስተኛ የጄፔግ ምስል አለ፤ ስልኩ ከፍቶ የሚያሳየን ብዙ ጊዜ ያንን ነው። ይህ ምስል በአብዛኞቹ ካሜራዎች በፋይሉ መጀመሪያ አካባቢ ስለሚቀመጥ፣ ግማሹ ብቻ የተገለበጠ ፋይልም በስልኩ ላይ ሙሉ ፎቶ መስሎ ይታያል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ቤት ደርሰው በኮምፒውተር ሲከፍቱት ነው። ስለዚህ የማየው ቁጥሩን ነው። በካርዱ ላይ ስንት ፋይል አለ፣ በፍላሹስ? የፎልደሩ ጠቅላላ ክብደት በሁለቱም በኩል እኩል ነው? ከዚያ በፊት ግን ፍላሹን በሥርዓቱ አስወጥቼ፣ ነቅዬ፣ እንደገና እሰካዋለሁ። ስልክ ፋይሉን በራሱ ጊዜያዊ ማኅደር ይዞ ገና ፍላሹ ላይ ሳያሰፍረው «ጨርሻለሁ» የሚልበት ጊዜ አለና፣ ሳይነቅሉ ማየት የስልኩን ቃል ብቻ ማመን ነው።

ይህን ጨርሼ ፍላሹን ለአክስቴ እሰጣለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ «እትዬ፣ ይህችን ያስቀምጡልኝ» ስላቸው መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩዋትና «ይህችን ነው? እኔ ደግሞ ወርቅ መስሎኝ!» አሉ። የከተራው ምሽት ሙሉ በውስጧ እንዳለ ስነግራቸው ግን አልሳቁም፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ጓዳ ገቡ፤ የሳጥኑ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። ከቤቱ ካርታ ጋር አብራ ተቀመጠች። እኔ በማግስቱ ካርዶቼን በኪሴ ይዤ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ስወርድ፣ በግፊያው ቦርሳዬ ቢከፈት ወይም ካሜራዬ ውሃ ውስጥ ቢገባ እንኳ የከተራው ምሽት አክስቴ ሳጥን ውስጥ ነው። ዘመድ የሌለው መንገደኛ የሆቴሉን እንግዳ ተቀባይ በታሸገ ፖስታ አደራ ማለት ይችላል፤ ዋናው ነገር ካሜራው በዋለበት ቦርሳ ውስጥ አለማደሩ ነው።

ሁለት የካርድ ቀዳዳ ያለው ካሜራ የያዘ ሰው «እኔ ይህ ሁሉ አያሻኝም» ሊል ይችላል። ሁለቱን ካርዶች እኩል እንዲጽፍ ካዘዘው፣ እውነት ነው፣ አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው አለ። ነገር ግን ሌባው ካሜራውን ሲወስድ ሁለቱንም ካርዶች ነው የሚወስደው።

ፍላሽ የረሳ ወይም ስልኩ እምቢ ያለው ሰው ፒያሳ ወደሚገኙት ፎቶ ቤቶች መሄዱ አይቀርም። ፎቶ ቤቶቹን እወዳቸዋለሁ፤ በፊልም ዘመን የከተማው መጠባበቂያ እነርሱ ነበሩ። አንድ ጥቅል 36 ፎቶ ነበረ፤ ደንበኛው የታጠበውን ፎቶ ይዞ ሲሄድ ኔጋቲቩ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀር ነበርና፣ የሠርጉ ፎቶ ከዓመታት በኋላ ቢጠፋበት ተመልሶ «ድገሙልኝ» የሚል ሰው ነበረ። ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠራ የለም። ያለው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩም ቀኑን ሙሉ የማያውቀውን ፍላሽ ሲቀበል የሚውል ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ቤት ተራ ስጠብቅ፣ የመዝሙር ልብስ የለበሰ ወጣት ፍላሹን አስገልብጦ ሲከፍተው ፎልደሮቹ በሙሉ ጠፍተው በምትካቸው የአቋራጭ ምልክቶች ተደርድረው አየ። ልጁ ላብ አጠመቀው። የፎቶ ቤቱ ሠራተኛ ልጅ ግን ተረጋግታ «አልጠፋም፣ ቫይረስ ደብቆት ነው» አለችውና የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ ከፈተች፤ ሁሉም እዚያው ነበሩ። ይህ ቫይረስ ፋይል ከማጥፋት ይልቅ ይደብቃል፤ አቋራጩን የሚጫነውን ሰው ኮምፒውተር ደግሞ በተራው ይበክላል። አብዛኛው ፍላሽ መቆለፊያ ስለሌለው ይጋለጣል፤ ካርድ ግን ከመስጠት በፊት መቆለፊያው ከተገፋና ማንበቢያው ካከበረው ከዚህ ይድናል።

ተራዬ ሲደርስ «ጋሼ፣ እኛም ጋ ላስቀምጥልዎት? ቢጠፋብዎት ይኖራል» አለችኝ። ሐሳቧ የደግ ነው። አመስግኜ «አይ፣ አያስፈልግም፣ ስትጨርሺ አጥፊልኝ» አልኳት፤ ምክንያቱም በካርዱ ላይ የነበሩት የጸሎት ላይ ሰዎች፣ ዕንባቸውን የሚጠርጉ እናቶች፣ ውሃ ውስጥ ያሉ ሕፃናት ናቸው። እነርሱ ፊታቸውን የሰጡት ለእኔ እንጂ መንገድ ዳር ላለ ኮምፒውተር አይደለም።

ከጥምቀት በኋላ ወደ ስሜን ለሚወጣ ሰው ሕጉ ጥቂት ይለወጣል። ከጎንደር ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅን ሲያልፍ የመብራት ነገር ያበቃል፤ በሳንካበር፣ በግጭና በጨነቅ ማደሪያዎች ስልክና ካሜራ የሚሠሩት ይዞ በወጣው ኃይል ነው። ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ባትሪና ፓወር ባንክ ውጭ ካደሩ ጠዋት ኃይላቸው ቀንሶ ይገኛል፤ ከሰው ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ ማደር አለባቸው። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው የሃርድ ዲስክ ነገር ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ማንበቢያ ራስ መረጃው ከሚጻፍበት ሳህን በላይ ተንሳፍፎ የሚቆየው በአየር ትራስ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል፣ ራሱም ሳህኑን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ አምራቾቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታ 3,048 ሜትር ድረስ ነው። ጎንደር ከዚህ በታች ስለሆነች ችግር የለም፤ ሦስቱ ማደሪያዎች ግን ከዚህ ወሰን በላይ ናቸው። በዚያ ላይ ስልክ በቀዳዳው የሚሰጠው ኃይል ሳህኑን ለማስነሳት ብዙ ጊዜ አይበቃም። ከፍታ ላይ የሚያዋጣው የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፍላሽ ወይም ኤስኤስዲ ነው። እኔ ወደ ስሜን ስወጣ ባትሪ ለመቆጠብ መገልበጡን ጨርሶ እተወዋለሁ፤ ጭላዳና ዋልያ ያነሳሁባቸውን ካርዶች እየዘጋሁ ለሁለት እከፍላቸዋለሁ፣ ግማሹ ከእኔ፣ ግማሹ በቅሎው ከሚሸከመው ጓዝ ጋር ይሄዳል። የአንድን ቀን ፎቶ በሁለት ካርድ ተራ በተራ ካነሳሁት፣ አንዱ ገደል ቢገባ ቀኑ በሙሉ አይጠፋም።

ኢንተርኔቱስ? ሁሉንም ወደ ደመና፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚገኝ ማስቀመጫ፣ ልጫን የሚል ሰው መጀመሪያ እርሳስና ወረቀት ያንሳ። 64 ጊጋባይት በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ቢላክ ያለ ማቋረጥ ሰባ አንድ ሰዓት፣ ማለትም ሦስት ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ያውም የጥምቀት ሰሞን ከተማው ሙሉ በአንድ ጊዜ ቪዲዮ በሚልክበት ሰዓት ነው። ጎግል ለአንድ ሰው በነፃ የሚሰጠው ደግሞ ኢሜይሉን ጨምሮ 15 ጊጋባይት ነው። እኔ በኢንተርኔት የምልከው የዕለቱን ምርጥ ብቻ ነው። ካሜራውን ሮውና ጄፔግ አብሮ እንዲጽፍ ስላዘዝኩት፣ ሠላሳ ያህል ጄፔግ መርጬ ከመተኛቴ በፊት አስጀምራለሁ፤ እያንዳንዱ 10 ሜጋባይት ቢሆን በዚያው መስመር ሃያ ደቂቃ ነው። ሁሉም ቢጠፋ እነዚያ ሠላሳው ይቀራሉ።

ብዙዎቻችን ለዚህ የምንጠቀመው ቴሌግራምን ነው፤ ነገር ግን እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፣ መጠኑም ይቀንሳል። ለግድግዳ የሚታተም ፎቶ የሚፈልግ ሰው «እንደ ፋይል» የሚለውን መምረጥ አለበት፤ እንዲህ ሲላክ ሳይነካ ይደርሳል፣ እስከ 2 ጊጋባይት የሆነ ፋይልም ይቀበላል። የካሜራዎቹ የዋይፋይ መተግበሪያዎችም ተመሳሳይ ባሕርይ አላቸው፤ ብዙዎቹ ካልተነገራቸው ወደ ስልኩ የሚልኩት የተቀነሰ ምስል ነው። ስልኩ ላይ ሲታይ ያምራል፤ ያንን አይቶ ካርዱን የሚያጠፋ ሰው ግን ዋናውን አጥፍቶ ጥላውን ያስቀረ ነው።

ለትልቁ ክምችት ከኢንተርኔቱ የሚፈጥነው በሰው እጅ መላክ ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በበዓሉ ማግስት የሚመለስ ዘመድ ወይም ጎረቤት አይታጣም። ሁለተኛ ፍላሽ ገልብጬ በፖስታ አሽጌ፣ ላዩ ላይ የባለቤቴን ስልክ ጽፌ እሰጣለሁ። በፍላሹ ላይ ምን እንዳለ ለተላኪው እነግረዋለሁ፤ ሰው የተሸከመውን የማወቅ መብት አለው፣ ካወቀም በልብሱ ኪስ ይይዘዋል፣ በሻንጣ አይጥለውም። ባለቤቴ ስትቀበል ፍላሹን በስልኳ ትሰካና ስንት ፋይል እንዳለው ትነግረኛለች፤ ቁጥሩ ከእኔ ጋር ከገጠመ ከዚያ በኋላ ጎንደር ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ያን ያህል አያስፈራኝም።

ካርድ ላይ ያለ ፎቶ በስሕተት ቢጠፋ ወይም ካርዱ ፎርማት ቢደረግ፣ መደረግ ያለበት በዚያ ካርድ ማንሳትን ወዲያው ማቆም ብቻ ነው። ተራው ፎርማት የሚያጠፋው የፋይሎቹን ማውጫ ነው፤ ምስሎቹ ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ አብዛኛውን ጊዜ በቦታቸው ይቆያሉ፣ ፎቶሬክን የመሳሰሉ ነፃ ፕሮግራሞችም ቤት ሲደርሱ በኮምፒውተር ፈልገው ሊያወጧቸው ይችላሉ። ካርዱን ጠቅልሎ፣ ምልክት አድርጎ፣ በሌላ ካርድ መቀጠል ነው።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላም ካርዶቹን ለማጥፋት አልቸኩልም። ፎቶዎቹ በሃርድ ዲስኩና በሁለተኛው ማስቀመጫ ላይ ሰፍረው፣ ጥቂት ሮው ፋይሎችም በኮምፒውተሩ ተከፍተው እስኪታዩ ድረስ ካርዶቹ እንደተዘጉ ይቆያሉ። ፎርማት የማደርጋቸው ለሚቀጥለው ጉዞ ስዘጋጅ ነው፤ እርሱንም በስልክ ወይም በኮምፒውተር አላደርገውም፤ ፎልደሮቹንና አደረጃጀቱን ራሱ በሚፈልገው መልክ እንዲያሰናዳው በካሜራው ነው የማደርገው።